የሮኬያን ሕይወት ለሐረር ተማሪዎች ስለማስተማር

ስለ ቤንጋሊዋ መምህርትና ደራሲ ስለ ሮኬያ ሳካዋት ሆሴን በሐረር የምታስተምሩ ሁሉ፣ ትምህርቱን ከትውልድ ዘመኗ ሳይሆን ከልጅነቷ ሌሊት ብትጀምሩ ይሻላል። አባቷ ሴቶች ልጆቹ ቤንጋሊና እንግሊዝኛ እንዲማሩ ስላልፈለገ፣ ታላቅ ወንድሟ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በድብቅ ያስተምራት ነበር። ይህን ከተረካችሁ በኋላ፣ ተማሪዎቹ በጀጎል ያሉ አያቶቻቸውን ፊደል እንዴት እንደቆጠሩ ጠይቀው እንዲመጡ አድርጉ።

ትምህርት ቤቷ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1909 ባሏ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ በባጋልፑር በ5 ተማሪዎች ከፈተችው፤ በንብረት ጠብ ምክንያት ከተማዋን ለቃ በ1911 በካልካታ በ8 ተማሪዎች እንደገና ስትጀምረው፣ ቤት ለቤት እየዞረች ወላጆችን ትማጸን፣ ልጃገረዶቹም ከሰው ዓይን ተሸሽገው እንዲመጡ በመጋረጃ የተሸፈነ መጓጓዣ ታዘጋጅ ነበር። ሴቶችን ከሰው ዓይን በሚሸሽግ ልማድ ከትምህርት ያገለለውን መጋረጃ ወደ ትምህርት ማድረሻ ማድረጓ፣ ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የሚልቅ ነው።

በዘመኗ አገሯን ይገዛ የነበረውን የብሪታንያን አገዛዝ በካርታ ማሳየት ይበቃል፤ የተወለደችበት ፓይራባንድ ዛሬ በባንግላዴሽ፣ ካልካታ ደግሞ በሕንድ ይገኛሉ። በመጨረሻ፣ በ1905 በእንግሊዝኛ ያሳተመችውንና ወንዶች በቤት ተወስነው ሴቶች አገር የሚያስተዳድሩበትን «የሱልጣና ሕልም» በአጭሩ ተርኩላቸውና፣ ወንዶቹም ሴቶቹም አንዳንድ ገጽ መልስ ይጻፉ።