የተቋጠረ ግንባርን ከማስታከምዎ በፊት ጡንቻዎቹን በጣት እንዴት መለየት ይቻላል?

በቅንድቦች መካከል ያለው መስመር ያስጨነቀው ሰው ዐይኑ ከቆዳው ላይ አይነሳም። ቦቶክስ (ጡንቻን ለጊዜው የሚያዝል መድኃኒት) የሚወጋው ግን ከስር ላለው ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ ከቀጠሮዎ በፊት ጡንቻዎቹን ይወቋቸው። መስተዋትና የቅንድብ እርሳስ ይበቃል።

መጀመሪያ እንደተቆጣ ሰው ግንባርዎን ይቋጥሩ። ቅንድቦቹን ወደ መሃል ስቦ “11” የመሰሉ የቁም መስመሮችን የሚያወጣው ኮሩጌተር የሚባለው ጡንቻ ነው። የቅንድብዎን መነሻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይያዙና ደግመው ይቋጥሩ፤ ከጣትዎ ስር ጠንከር ብሎ ሲነሳ ይሰማዎታል። እዚህ ላይ ጡንቻው አጥንቱን ይዞ በጥልቀት ተቀምጧል። ከዚያ ወደ ውጭና ወደ ላይ እየሄደ ከቆዳው ጋር ይያያዛል። እንደቋጠሩ ከቅንድቡ መሃል በላይ ይመልከቱ፤ ቆዳው ትንሽ ጎድጎድ ያለበት ቦታ መጨረሻው ነው። በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

ቀጥሎ መጥፎ ሽታ እንደሸተተው ሰው አፍንጫዎን ወደ ላይ ይሸብሽቡ። በአፍንጫ ግንድ ላይ አግድም የሚሰመረው መስመር ፕሮሰረስ የሚባለው ጡንቻ ሥራ ነው።

አሁን ቅንድብዎን ያንሱ። የሚያነሳው ፍሮንታሊስ የሚባለው የግንባር ጡንቻ ብቻ ነው፤ እሱ በመድኃኒቱ ከልክ በላይ ከደከመ ቅንድብ ይወርዳል።

ምልክት ያደረጉበት የውጭ ጫፍ በጣም ያሳስበኛል። የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት ነው፤ በአምስት ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ 4። (የሌላ ምርት ዩኒት ከዚህ ጋር እኩል አይደለም።) የውጭዎቹ ነጥቦች ከቅንድብ አጥንት ጠርዝ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። ዝቅ ካሉ መድኃኒቱ የዐይን ቆብ አንሺውን ጡንቻ ሊደርስበት ይችላል፤ የዐይን ቆብዎም ለሳምንታት ሊንጠለጠል ይችላል።

ለውጡ በቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ፊትዎን ዘና ሲያደርጉም የማይጠፋ መስመር ግን ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። “በፊለር (ከቆዳ ስር በሚወጋ መሙያ) እንሙላው” ቢባሉ አይቸኩሉ። እዚያ የሚያልፉት የደም ሥሮች ከዐይን ደም ሥር ጋር ይገናኛሉ፤ ፊለር ከገባባቸው ዐይን እስከማሳወር ይደርሳል።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ የሚያጠቡ ከሆነ ወይም እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ የጡንቻ ድክመት ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ። ሐኪሙም መርፌውን ከማንሳቱ በፊት “እስቲ ግንባርዎን ይቋጥሩ” ካላለዎት፣ ከወንበሩ ተነሥተው ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።