ለመላው ቤት ዲጂታል ድምፅ በኮአክሲያል (እንደ ዲሽ ገመድ ባለ ገመድ) ስትዘረጉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የዲሽ ስፕሊተር መግጠም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዲኮደሩ ሳሎን ነው፣ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ሳሎንም ፎቅም አለ። ሠራተኛው ከቦርሳው የዲሽ ስፕሊተር ያወጣና ገመዱን ለሁለት ይከፍለዋል። እባካችሁ መጀመሪያ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አብዛኛው «5–2400 ሜጋኸርዝ» ይላል። በ48 ኪሎኸርዝ የሚሄድ ስቴሪዮ ዲጂታል ድምፅ ግን ዋና ጉልበቱ ከ1.5 እስከ 3 ሜጋኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ዕቃው ለዚህ አልተሠራም!

«እሺ፣ ባለ ሁለት አፍ ጃክ ላድርግበት» የሚልም አለ። እሱም አይሆንም። የእያንዳንዱ አምፕ ዲጂታል መግቢያ 75 ኦም ነው፤ ሁለቱ ሲደረቡ 37.5 ይሆናሉ። 0.5 ቮልት የነበረው ሲግናል ወደ 0.33 ይወርዳል። ከዚያም በላይ ሞገዱ መጋጠሚያው ላይ ተመትቶ ይመለሳል። ክፋቱ፣ በሙከራው ቀን ሊሠራ ይችላል። ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ይጀምራል።

አንድ ቤት ምድር ቤቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ፎቁ በየመሃሉ ጭጭ ይላል። ከእኔ በፊት የመጡት አምፑን አስቀይረዋል፤ ዲኮደሩንም እንደዚያው። የኮርኒሱን ጂፕሰም ስንከፍተው አቧራ የለበሰ ስፕሊተር ተጋድሞ አገኘን። ሰውየው ያን ሁሉ ብር ያወጡት በዚህች ዕቃ ነው። መፍትሔው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዲጂታል ድምፅ ማከፋፈያ ነው። ለየአምፑ የራሱን መውጫ ይሰጣል።

ዲሹን ሳይነቅሉ የዲሽ ገመድ መጠቀም። ዲኮደር ለኤልኤንቢው (ዲሹ ላይ ላለው መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት በዚያው ገመድ ይልካል። የአምፑ መግቢያ የለመደው ግማሽ ቮልት ነው። ሁለቱንም ጫፍ ሳትነቅሉ አትንኩት።

ገመዱ ራሱ ግን ጥሩ ነው። አርጂ-6 የሚባለው የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፤ ጫፉን ወደ አርሲኤ (የአምፑ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ወደሚገባው ጃክ) የሚቀይር ጃክ ብቻ ግዙለት። ውድ ገመድ ካልገዛችሁ የሚላችሁን አትስሙ። አርጂ-58 ግን 50 ኦም ነው፤ መልኩ ስለሚመሳሰል ልባሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ።

ዲጂታሉን ቀይና ነጩ የአናሎግ ቀዳዳ ላይ መሰካት። ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል፤ ሙዚቃ ግን አይወጣም።

ሴቲንጉን መርሳት። ጀማሪዎች እዚህ ጋ ብዙ ይለፋሉ፤ አይዟችሁ። ገመዱ ደህና ነው፣ አምፑ ደህና ነው፣ ድምፅ የለም። ዲኮደሩ ዶልቢ (የታመቀ የድምፅ ዓይነት) እየላከ ነው፤ ብዙ የመላ ቤት አምፖች ደግሞ ዶልቢ አይፈቱም። የድምፅ ሴቲንጉን ወደ ፒሲኤም (PCM፣ ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ቀይሩት።

እምምም የሚል ድምፅ ሲመጣ ኧርዝ ማላቀቅ። ይሄ ሰው ይገድላል። ኮአክሲያል የሁለቱን ዕቃ ኧርዝ ያገናኛል፤ ጉምጉምታው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። የድምፅ ገመዱ መካከል ላይ የሁለቱን ኧርዝ የሚለይ ትራንስፎርመር አስገቡ ወይም በኦፕቲካል ገመድ ቀይሩት። ኧርዙ ባለበት ይቆይ።

አንድ ገመድ ብቻ ስቦ ኮርኒስ መዝጋት። ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ አብራችሁ ሳቡ። በሁለቱም ጫፍ የክፍሉን ስም በማርከር ጻፉበት።