ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ለምን ይደክማል? የሲሪየስና የፓራለል ጣጣ

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ የኪራይ ግቢ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ ዋናው ቤት ተሠራ፣ ቀጥሎ ማድ ቤት፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ከዚያ ለተከራይ አንድ ሁለት ክፍል ተቀጠለ፤ መብራቱም ካለው መስመር ላይ እየተሳበ ሄደ። ችግር ሲመጣ የሚወቀሰው አምፖሉ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ፓራለል ማለት እያንዳንዱ ዕቃ ከፌዝም (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራልም (ከሚመልሰው ሽቦ) በቀጥታ ተገናኝቶ ሙሉ 220 ቮልት ሲያገኝ ነው። ሲሪየስ ደግሞ ኮረንቲው በአንዱ ውስጥ ካላለፈ ሌላው ጋ የማይደርስበት ነው። አምፖል፣ ሶኬትና ምጣድ እርስ በርሳቸው ፓራለል መሆን አለባቸው። ማብሪያ ማጥፊያው፣ ብሬከሩና የሽቦ መጋጠሚያው ግን ወደድንም ጠላንም ሲሪየስ ናቸው።

ሁለት አምፖል ደብዝዞ ይበራል፣ አንዱ ሲነቀል ሌላውም ይጠፋል

ሁለተኛውን አምፖል የጨመረው ሰው ሽቦውን መሃል ላይ ቆርጦ አስገብቶታል። እኩል ዋት ከሆኑ 110፣ 110 ይካፈላሉ። ባለ ክሩ አምፖል ባለ 40 እና ባለ 100 ዋት ከሆነ ደግሞ የሚደምቀው ባለ 40ው ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል። መፍትሄው ለሁለቱም ከማጥፊያው የሚመጣውን ፌዝና ኒውትራሉን ለየብቻ ማድረስ ነው።

ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይደክማል

ምጣዱና አምፖሉ ፓራለል ናቸው፣ ልክ ነው። ግን ሁለቱም የሚመገቡት ከቆጣሪ በሚመጣው በዚያው መስመር ነው፤ በመንገዱ የላላ መጋጠሚያ ካለ እሱ ራሱ ሳይጠሩት ሲሪየስ የገባ ዕቃ ይሆናል። 3,500 ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል። መጋጠሚያው ኮረንቲውን የሚያግድበት መጠን (ሬዚስታንስ) 1 ኦም ብቻ ቢሆን ወደ 15 ቮልት እዚያው ይቀራል፣ ከ200 ዋት በላይ ሙቀትም በአንዲት ጥምዝ ሽቦ ላይ ይወጣል። ናስትሮው ቀልጦ፣ ሽቦው ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው እዚያ ነው። እንጅባራ አካባቢ ደግሞ ክረምቱ ጠንከር ስለሚል፣ ከጣሪያ ጠርዝ ስር የተጋጠመውን እርጥበት ይበላዋል።

ዋናውን ብሬከር አጥፉ፣ መጥፋቱን በቴስተር (ፌዝ ሲነካ በሚበራው መፍቻ) አረጋግጡ። የጠቆረውን ቁረጡ፣ ንጹህ መዳብ እስኪወጣ ላጡ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማገናኛ እሰሩት። በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ለምጣድ አይሆንም። አሉሚኒየምና መዳብም በቀጥታ አይጠማዘዙም፣ ለሁለቱ የተሠራ ማገናኛ አለ። ከተቻለ ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ የራሱ 4 ሚሊ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የጎረቤትም መብራት አብሮ የሚደክም ከሆነ ችግሩ ከቆጣሪ ወዲያ ነው፤ እሱን መብራት ኃይል ይንካው፣ እናንተ አትጠጉት።

ቴስተሩ ይበራል፣ ዕቃው አይሠራም

ኒውትራሉ ተቋርጧል። ሶኬቶች ፓራለል ቢሆኑም ሽቦው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው የሚሄደው፤ አንዱ ጋ ከብሎኑ ከወጣ ከእሱ ወዲያ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። የሆነ ዕቃ ተሰክቶ ከሆነ ቴስተሩ ሁለቱም ቀዳዳ ላይ ሊበራ ይችላል፣ አትደናገሩ። ብሬከሩን አጥፍታችሁ መጨረሻ የሚሠራውንና መጀመሪያ የሞተውን ሶኬት ክፈቱ። ግድግዳ መፈልፈል አያስፈልግም።

ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል

በፓራለል አምፒር ይደመራል። ምጣዱ 16፣ ባለ 2,000 ዋት ምድጃ 9፣ አንድ ላይ 25። አንዱን ንቀሉ ወይ መስመር ለዩ። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን በትልቅ መተካት ቤት ማቃጠል ነው።

ማጥፊያው ጠፍቶም ኤልኢዲው ጭል ጭል ይላል

ብዙ ጊዜ ማጥፊያው የገባው ኒውትራሉ ላይ ነው። ወደ ፌዙ ይዛወር። ተጠፍቶ እያለ አምፖል ሲቀየር የሚነዝረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንዱ ክፍል ከልክ በላይ ይደምቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል

ይሄ የሚመጣው ሦስት ፌዝ የገባበት ግቢ ላይ ነው፣ ወፍጮ ያለበት ለምሳሌ። ዋናው ኒውትራል ሲበጠስ በሁለት ፌዝ ላይ ያሉ ክፍሎች ሳይታሰብ እርስ በርስ ሲሪየስ ይሆኑና 380 ቮልት ይካፈላሉ፤ ትንሽ ዕቃ የሰካው ክፍል ትልቁን ድርሻ ይቀበላል፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ የሚቃጠሉት ያኔ ነው። ምንም ነገር ለመፈተሽ አትሞክሩ። ዋናውን ወዲያው አውርዱ፣ ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ፣ ባለሙያ ኒውትራሉን እስኪቀጥል ድረስ እንዳታበሩት።