እቤት የተገጣጠመ ሞተር ዘይት መጣሉን ካላቆመ እንዴት ይፈተሻል?

ሞተሩን ራሳችሁ ፈታችሁ፣ ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስፍታችሁ፣ ጉልበት ጨምራችሁ ገጣጠማችሁት። ይነሳል፣ ይጎትታል። ግን ባደረበት ሁሉ ዘይት ይጥላል። ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ቀየራችሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ሞተሩ ውስጥ የታመቀ ግፊት አለ ወይ? ጉልበት በተጨመረበት ሞተር ላይ ደጋግሞ የሚመለስ ፍሰት ብዙ ጊዜ መነሻው እሱ ነው።

መጀመሪያ እጠቡት። የድሬ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቦካ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፤ እሱ ሳይለቅ ምንም አይታይም። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ዲናሞውን በፌስታል ሸፍኑና በናፍጣና በብሩሽ ፈቅፍቁት። ከዚያ በሳሙና ውሃ ሙልጭ አድርጋችሁ አለቅልቁ። ሲደርቅ የልጅ ፓውደር ነስንሱበት።

ቀጥሎ ንዱት። ዘይቱ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ቱቦ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን አትንዱ፤ እሳት ያስነሳል። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቀስ ብሎ መዞር አይበቃም። ጉዱ የሚወጣው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥንና ሞተሩ ሲጫን ነው። ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ዳገት ትንሽ ውጡና ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ፓውደሩ ላይ የረጠበ መስመር ታያላችሁ። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሁሉ ከፍ ብሎ፣ ወደ ፊት ያለውን እርጥብ ቦታ ፈልጉ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ረጠበ ማለት የሚያፈሰው ኮፓው ነው ማለት አይደለም።

አሁን ግፊቱን እዩ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ አፉ ላይ የላስቲክ ጓንት አልብሱት። ጓንቱ ዝም ካለ ወይም በትንሹ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። እንደ ፊኛ ከተነፋ የቃጠሎው ጋዝ በፒስተን ፋሻዎቹ (ፒስተኑን በከበቡት ቀለበቶች) አልፎ ወደ ታች እየወረደ ነው፣ መውጫም አጥቷል። የመተንፈሻ ቱቦውን ፈትታችሁ ንፉበት። ካልተደፈነ ጠቧል ማለት ነው፤ የተለካው ፋብሪካው ለሰጠው ጉልበት ነዋ! በወፍራም ቱቦ ቀይሩትና ጫፉን ዘይት ማጠራቀሚያ ጣሳ ውስጥ ክተቱ። ጣሳው ራሱ አየር ማስወጫ ይኑረው። ፍሰቱ ከቆመ አገኛችሁት። ጣሳው ቶሎ ቶሎ ከሞላ ግን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) አስለኩ፤ ፋሻው በደንብ አልተቀመጠ ወይም ተሰብሮ ይሆናል።

ግፊቱ ደህና ከሆነ ኮፓውን አውርዱ። ቡሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ ባጠበቃችሁት ቁጥር ይብሳል። ከንፈሩን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፋችሁ በትንሽ መዶሻ መልሱት። ማሸጊያ ሲሊኮን ስትቀቡ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። ይህቺን አደራ አቦ፦ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ አለቀ።

ዘይቱ በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መሀል ከወጣ ሁሉም የኋላውን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ላስቲክ) ይወቅሳል። ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ክዳንና የዘይት ቡልቦውን (የዘይት ግፊት ጠቋሚውን) እዩ፤ ከነሱ የወረደ ዘይት እዚያው ነው የሚጠራቀመው። ካምቢዮው ከወረደ ደግሞ ፓራኦሊዮው የሚያርፍበትን የኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ በጥፍራችሁ ዳብሱ። አሮጌው የቆፈረው ቦይ ጥፍር ከያዘ አዲሱም እዚያው ያፈሳል። ቦታው ከፈቀደ አዲሱን 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ፈቅ አድርጋችሁ ያልተበላው ላይ አሳርፉት። ከንፈሩንም ዘይት ቀቡ፤ በደረቁ ከዞረ ወዲያው ይበላል።

የቮላኖ (ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ መዘውር) ቡሎኖችንም አትርሱ። በብዙ ሞተሮች ቀዳዳቸው ዘይት ወዳለበት ይዘልቃል። ጥርሳቸው ማሸጊያ ካልተቀባ ዘይቱ በነሱ በኩል ሾልኮ ፍሪሲዮኑን ያበላሻል፣ ፓራኦሊዮው ምንም አዲስ ቢሆን። ሁሉንም ገጥማችሁ ስትጨርሱ ሞተሩን ቶሎ አታስነሱት፤ ሲሊኮኑ እንዲደርቅ እስከ ማግስቱ ይደር።