የጣናን ሞገድ ለመጪዎቹ ቀናት ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣናን እንደ ውቅያኖስ መቁጠር ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ነው። በውቅያኖስ ዳርቻ የሚኖር ሰው በሺህ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት በተነሣ ወጀብ ተፈጥሮ ለቀናት የሚጓዝ ሞገድ ስለሚደርሰው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ውኃው ሊናወጥ እንደሚችል ያውቃል። ጣና ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ 84፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣበት ሞገድ የለም፤ የሚያናውጠው በላዩ የሚነፍሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ የነገውን ሞገድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የነገውን ነፋስ ይመርምር።

ነፋሱን ሲመረምሩም ፍጥነቱን ብቻ አይቶ አቅጣጫውን መተው የተለመደ ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሰሜን የሚመጣ ነፋስ ሐይቁን አቋርጦ ሞገዱን እያሳደገ ይደርስባታል፤ በዚያው ፍጥነት ከደቡብ ቢነፍስ ግን የከተማዋ ዳርቻ ረግቶ ሳለ የሚናወጠው የጎርጎራ ወገን ነው። ከወደቡ ቆሞ ጸጥ ያለውን ውኃ ያየ ሰው ወደ ደቅ ደሴት ሲያመራ መሃል ላይ የሚጠብቀውን አላየም። «የሰሜን ነፋስ» ማለት ከሰሜን የሚመጣ ማለት እንጂ ወደ ሰሜን የሚሄድ ማለት አለመሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በእኔ እምነት እጅግ የሚያሳዝነው፣ በቀላሉ ሊታረም እየቻለ ብዙዎችን የሚያሳስተው የሰዓት ስህተት ነው። ብዙ የትንበያ ሠንጠረዦች የሚጻፉት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በዚያ ላይ አቆጣጠራችን ቀኑን ከንጋት ይጀምራል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ላይ «12፡00» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንዳለ የወሰደው ሰው ነፋሱን ለምሽቱ 12 ሰዓት ይጠብቃል፤ ከቀትር በኋላም ከዘጌ ለመመለስ ይነሣል። ይህ ደግሞ በፀሐያማ ቀን የሐይቁ ነፋስ የሚበረታበት ሰዓት ነው፤ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በምትኩም ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ማለዳ 1 ሰዓት ላይ እንደ መስተዋት የደሴቱን ዛፎች ያሳይ የነበረው ውኃ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ነጭ አረፋ እየደፋ የቆሙትን ጀልባዎች ከመታሰሪያቸው ጋር ያታግላል።

የሞገዱን ቁመት ብቻ አንብቦ መወሰንም ያሳስታል። በውቅያኖስ በየ14 ሴኮንዱ የሚመጣ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 300 ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ ቁመቱ 1 ሜትር ቢሆን ጀልባን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ያወርዳል። በየ4 ሴኮንዱ የሚመጣው ግን ርዝመቱ 25 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የውኃው ጥልቀት ከ12 ሜትር በሚያንስበት ቦታም የሞገዱ እንቅስቃሴ እስከ ሥር መሬቱ ይደርሳል። የጣና አማካይ ጥልቀት 10 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ ከደንገል የተሠራ ታንኳም አንዱን ሳያልፍ ሌላው ይደርስበታል። በዚያ ላይ በትንበያ የሚሰጠው ቁመት የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ሞገዶች አማካይ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ እጥፍ የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል።

በመጨረሻም የሰባተኛውን ቀን ትንበያ እንደ ነገው አምኖ ጉዞ መቁረጥ አይገባም። በተለይ በክረምት፣ ነጎድጓዳማ ደመና ከሥሩ የሚለቀው ድንገተኛ ነፋስ የትኛውን የሐይቁ ክፍል በስንት ሰዓት እንደሚመታ ከቀናት በፊት የሚነግር ሠንጠረዥ የለም፤ ስለዚህ የሩቆቹን ቀናት ለማቀድ ብቻ ተጠቅሞ፣ በመነሻው ዕለት ማለዳ አዲሱን ትንበያ ማየትና ደመናው ከየት በኩል እየጠቆረ እንደሆነ ከዳርቻው ቆሞ ማጣራት ያስፈልጋል።