ኢታኖል የተቀላቀለበትን ቤንዚን በአነስተኛ ወጪ መቅዳት

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ማደያዎች የቤንዚን ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ስለሆነ፣ ርካሽ ፍለጋ ከማደያ ማደያ መዞር ነዳጅ ከማባከን በቀር ፋይዳ የለውም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያወጣውን የወቅቱን ዋጋ ይዘው በመቅጃው ማሽን ላይ ከሚታየው ጋር ያመሳክሩ፤ ቆጣሪው ከዜሮ መነሣቱንም ይመልከቱ።

እውነተኛው የዋጋ ልዩነት ያለው በድብልቁ፣ ማለትም ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀለው ኢታኖል (የአልኮል ዓይነት) መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በተገኘ ኢታኖል የተጀመረው የ5 በመቶ ድብልቅ፣ ኋላ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። የአንድ ሊትር ኢታኖል ጉልበት ከቤንዚን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ የ10 በመቶ ድብልቅ መኪናው በሊትር የሚጓዘውን ርቀት በ3 በመቶ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ታንከሩን ሞልተው የኪሎ ሜትር ንባቡን ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ሲሞሉ የተጓዙትን ርቀት በቀዱት ሊትር ያካፍሉ። ይህንን በተለያዩ ማደያዎች ደጋግመው ቢያደርጉ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ብዙ የሚያስኬደውን ይለያሉ፤ በእኔ እምነት ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የለም።

ኢታኖል ውኃ ስለሚስብ፣ በተለይ በክረምት ግቢው ጎርፍ ከሚያቁርበት ማደያ ባይቀዱ ይመረጣል። ከቀዱ በኋላ ሞተሩ ወዲያው መንተፋተፍ ከጀመረ፣ ደረሰኝዎን ይዘው ሳይዘገዩ ለማደያው ኃላፊ ያመልክቱ።