ሲያትል ጓሮ ውስጥ ዶሮ ለማርባት፦ ዶሮዋን ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

በ2025 መጀመሪያ የእንቁላል ዋጋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። በማርች ወር የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ በአሜሪካ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሷል። ያኔ ስልኬ እረፍት አጣ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የእቁብ ጓደኞቼ ሁሉ «አንቺ ዶሮ አለሽ አሉ፤ እስኪ ንገሪን» ይሉኝ ጀመር። አዎ፣ አሉኝ። ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ነው የምኖረው፤ ጓሮዬ ውስጥ ስድስት እንቁላል ጣዮች አሉ። ዋጋው ቢረግብም ጥያቄው አላቆመም። ስለዚህ በስልክ የምለውን እዚህ ልጻፈው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የትኛው ዝርያ ጥሩ እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ቤትሽ የየትኛው ከተማ ነው?» እላለሁ። «ሲያትል ነዋ!» ይሉኛል። «እርግጠኛ ነሽ?»

ፖስታችሁ ላይ ሲያትል ስለተጻፈ ብቻ ሲያትል ከተማ ውስጥ ትኖራላችሁ ማለት አይደለም። ዚፕ ኮድ 98178ን ውሰዱ። ከፊሉ የሲያትል ነው። ከፊሉ ግን ስካይዌይ ነው፤ ስካይዌይ ደግሞ በየትኛውም ከተማ ሥር ያልገባ፣ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ በቀጥታ የሚያስተዳድረው ሰፈር ነው። 98168ም እንደዚያው ነው። ደብዳቤው ሲያትል ብሎ ይመጣል፤ ቤቶቹ ግን በአብዛኛው ታክዊላ፣ ቡሪየንና ሲታክ ውስጥ ናቸው። መንገድ ተሻገራችሁ ማለት ሌላ ደንብ ውስጥ ገባችሁ ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ የማውቀው ወንድም ከሲያትል በስተደቡብ ቤት ገዛ። የሲያትልን ደንብ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ፣ በዚያው ቁጥር ዶሮ ገዛ፣ ቆንጆ የዶሮ ቤትም ሠራ። የሱ ከተማ የሚፈቅደው ግን ከዚያ ያነሰ ነበር። ከወራት በኋላ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ትርፎቹን ለሌላ ሰው ሰጠ። ልጆቹ ለእያንዳንዷ ስም አውጥተው ስለነበር ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ።

ማጣራቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የኪንግ ካውንቲን «ፓርሰል ቪወር» የተባለ ካርታ ክፈቱ፤ ነጻ ነው። አድራሻችሁን አስገቡ። ይዞታችሁ በማን ሥር እንደሆነና ስፋቱ ስንት ካሬ ጫማ እንደሆነ ያሳያችኋል። ገጹን ፕሪንት አድርጋችሁ ከቤቱ ወረቀቶች ጋር አስቀምጡት።

ሲያትል ውስጥ ከሆናችሁ ደንቡ ለጋስ ነው። ድሮ የሚፈቀደው ሦስት ዶሮ ነበር። በ2010 ከተማው የከተማ ግብርና ደንብ ሲያወጣ ቁጥሩን ወደ ስምንት ከፍ አደረገው። ስምንቱ የሚቆጠረው በቤተሰብ ሳይሆን በይዞታ ነው። ጓሮ ላይ ሁለተኛ ቤት ሠርታችሁ ካከራያችሁ የእናንተና የተከራያችሁ ዶሮዎች ተደምረው ስምንት ናቸው። ዳክዬ ካላችሁም እዚያው ውስጥ ትገባለች።

ቀጥሎ ርቀቱ ነው። የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት መኖሪያ ቤት ቢያንስ 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ገደማ፣ መራቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚለካው እስከ አጥሩ ድረስ ነው፤ የሚለካው ግን ሰው እስከሚኖርበት ሕንፃ ነው። የጎረቤት የዕቃ ማስቀመጫ ወይም ባዶ ጋራዥ አይቆጠርም። ጋራዡ ውስጥ ወጥ ቤትና አልጋ ገብቶ ከሆነ ግን መኖሪያ ሆኗል። ከተማው በ2019 የጓሮ ቤት መሥራትን ስላቀለለ በየሰፈሩ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች በዝተዋል። ዛሬ ሣር ብቻ የሆነው የጎረቤት ጓሮ ከሁለት ዓመት በኋላ የሰው መኝታ ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የኔ ምክር 15 ጫማ አርቁት ነው፣ ቦታ ካለ።

አለካኩም እንዲህ ነው። የዶሮ ቤቱን አራት ማዕዘኖች መጀመሪያ በእንጨት ችካል ምልክት አድርጉ። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ የሚል ከሆነ ችካሉን በጣሪያው ጫፍ ልክ ትከሉት። ከዚያ ለጎረቤቱ ቅርብ ከሆነው ችካል ተነስታችሁ፣ ሜትሩን ሳታረግቡ እስከ ጎረቤት ግድግዳ ዘርጉ። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አጥር የሚያግዳችሁ ከሆነ ጎረቤታችሁን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ይሄ ደግሞ ስለ ዶሮዎቹ ለማውራት ጥሩ አጋጣሚ ነው። ቁጥሩን ጻፉ፤ ሜትሩ እንደተዘረጋ ፎቶ አንሱት። ሰው ከከሰሰ የሚያድናችሁ ያ ፎቶ ነው።

አሁን ወደሚያስቸግረን እንምጣ። አውራ ዶሮ ሲያትል ውስጥ ክልክል ነው። አገር ቤት ሰፈር የሚነቃው በአውራ ዶሮ ስለሆነ ይሄ ለኛ ሰው አይዋጥለትም። «ያለ ወንድ እንዴት ትጥላለች?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ትጥላለች እማማ፣ ጫጩት የሚሆን እንቁላል አይሆንም እንጂ። ችግሩ የሚመጣው ጫጩት ስትገዙ ነው። የመኖ መደብሮች በአሜሪካ ፀደይ፣ ማርችና ኤፕሪል ገደማ፣ ጫጩት ያመጣሉ። ሳጥኑ ላይ «ስትሬት ረን» ካለ ወንድና ሴቱ ሳይለይ የተቀላቀለ ነው፤ ግማሹ ወንድ ሊሆን ይችላል፤ እንዳትነኩት። «ፑሌት» የሚለውን፣ ማለትም ተለይታ የወጣችውን ሴት፣ ግዙ። እሷም ብትሆን መቶ በመቶ አስተማማኝ አይደለችም። ከስድስት ጫጩት አንዱ አድጎ ቢጮህ የት እንደሚሄድ ቀድማችሁ አስቡበት። ከከተማ ወጣ ብሎ እርሻ ያለው ሰው ፈልጋችሁ ከአሁኑ ቃል አስገቡት። መጮህ ከጀመረ በኋላ ሰው መፈለግ ጭንቅ ነው። ይሄን ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ ሰው አራት ወር ያለፋት ቄብ ይግዛ፤ በዚያ ዕድሜ ፆታዋ ያለ ጥርጥር ይታወቃል።

ስለ ማረድ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ማርባት ተፈቀደ ማለት ማረድም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ለፋሲካ ከጓሮዬ አወጣለሁ የሚል ካለ ለከተማው ለብቻው ጥያቄ ይጻፍ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

ከተማው ቢፈቅድም ሌላ የሚከለክል ሊኖር ይችላል። ቤታችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብቡ። ማኅበሩ ዶሮ አይቻልም ካለ የከተማው ፈቃድ አያድናችሁም። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩ በቃል «ችግር የለውም» ያለው አይበቃም። በኢሜይል ይጻፍላችሁ።

ሌላ ስቴት ላላችሁም መንገዱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ይለያያል። ዴንቨር እስከ ስምንት ዶሮና ዳክዬ ትፈቅዳለች፣ ፈቃድ ግን ማውጣት አለባችሁ፤ እዚያም አውራ ዶሮ የለም። ዋሽንግተን ዲሲ በጣም ጥብቅ ነው። የዶሮ ቤቱ ሰው ከሚኖርበት ሕንፃ 50 ጫማ መራቅ አለበት፤ ተያይዞ በተሠራ ቤት ውስጥ ያ ርቀት ከየት ይመጣል? የከተማችሁን ሕግ ስትፈልጉ «ቺክን» ብላችሁ ካጣችሁት «ፋውል» ወይም «ፖልትሪ» ብላችሁ ፈልጉ።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። ደንቡን አሟልተው ከጎረቤት የተጣሉ ሰዎች ግን አውቃለሁ። ሲያትል ውስጥ ተቆጣጣሪ በየጓሮው እየዞረ ዶሮ አይቆጥርም፤ የሚመጣው ሰው አቤት ሲል ነው። ሰው አቤት የሚለው ደግሞ ዶሮዎቹ ዘጠኝ ስለሆኑ አይደለም። ስለሸተተው ወይም አይጥ ስላየ ነው።

ሽታ የሚመጣው ከእርጥበት ነው። እዚህ አገር ከኦክቶበር እስከ ሜይ ይዘንባል። ኩስና ጭቃ ከተቀላቀሉ ጉድ ነው። መሮጫውን፣ ማለትም ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበትን የታጠረ ቦታ፣ ጭምር በጣሪያ ሸፍኑት። መሬቱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ በደንብ አልብሱ፤ ሲረጥብ ደረቅ ጨምሩበት። ዶሮ ሌሊቱን ቆጥ ላይ ስለምታሳልፍ አብዛኛው ኩስ የሚጠራቀመው ከቆጡ ሥር ነው። እኔ ከቆጡ ሥር ጣውላ አድርጌ ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፤ ቡና ከመፍላቱ በፊት ያልቃል። ቦታም አትሰስቱ፦ ለአንዲት ዶሮ ቤቱ ውስጥ 4 ካሬ ጫማ፣ መሮጫው ላይ 10 ካሬ ጫማ ቢኖራት ጥሩ ነው።

አይጥ የሚመጣው ዶሮዋን ብሎ ሳይሆን መኖውን ብሎ ነው። መኖውን ክዳን ባለው የብረት በርሜል አስቀምጡ፤ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ማታ ማታ መመገቢያውን ወደ ውስጥ አስገቡት። እንጀራ ትርፍራፊ ትንሽ ትንሽ ብትሰጧቸው አይጎዳም፤ ዋናው ምግባቸው የእንቁላል ጣይ መኖ ይሁን። ጨው የበዛበት ወጥ አትስጧቸው። አቮካዶና ያልበሰለ ባቄላም ይጎዳቸዋል።

ራኩን የተባለውን፣ ሌሊት ሌሊት የሚዞረውን የዱር እንስሳ አትናቁት። የዶሮ ሽቦ ተብሎ የሚሸጠው ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል እንጂ ራኩንን ከመግባት አያግደውም። በጥርሱ ይቀደዋል፣ በቀዳዳው እጁን ሰዶም ይስባታል። ቀዳዳው ግማሽ ኢንች የሆነውን፣ በብየዳ የተሠራውን ወፍራም ሽቦ ግዙ። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ሌላ መፍትሔ የለውም። ሽቦውን ከሥር አንድ ጫማ ያህል ወደ ውጭ አጥፋችሁ አፈር አልብሱት፤ ቆፋሪው እዚያው ይቀራል። በሩም በቀላል መንጠቆ ብቻ አይዘጋ። ራኩን መንጠቆ ይከፍታል።

ከጎረቤት ጋር መልካም ለመሆን ደግሞ ዐቢይ ጾምን የሚያህል የለም። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ቀኑ ሲረዝም ዶሮዎች መጣል ያበዛሉ። ልክ ያኔ እኛ 55 ቀን እንጾማለን። እንቁላሉ ይከመራል። እኔ በግራም በቀኝም ላሉት ጎረቤቶቼ በግማሽ ደርዘን በግማሽ ደርዘን አድላለሁ። ቅር ያለው ጎረቤት ካለ እንኳ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው፤ ከተማው ጋ አይደውልም። በጾሙ መጨረሻ የተጣለውን ደግሞ ሳላጥብ ፍሪጅ አስገባለሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ትኩስ እንቁላል ሲቀቀል ልጣጩ አልላቀቅ ይላል፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት የቆየው ግን ሙልጭ ብሎ ይወጣል።

ጤና ላይ ቸል አትበሉ። ዶሮ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳቸው ይሻላል። የጓሮ ጫማ ለብቻው ይኑራችሁ፤ ቤት አይግባ። የወፍ ጉንፋኑም የሩቅ ወሬ አይደለም። በኖቬምበር 2025 እዚሁ ዋሽንግተን ስቴት፣ ግሬይስ ሃርበር ካውንቲ፣ የጓሮ ወፎች የነበሩት ሰው ኤች 5 ኤን 5 በተባለው ዓይነት ታሞ ሞቷል። በሰው ላይ ሲገኝ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። የዱር ዳክዬ ወደ ዶሮዎቹ ውኃ እንዳይደርስ አድርጉ። ሁለት ሦስት ዶሮ በድንገት ከሞተባችሁ በባዶ እጅ አትንኳቸው፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሏቸው፤ ለስቴቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ደውሉ።

የቀረው አገር ቤት መሄድ ነው። ስድስት ሳምንት ልትቀሩ ትችላላችሁ፤ ዶሮ ደግሞ ጠዋት የሚከፍት፣ ማታ የሚዘጋ ሰው ትፈልጋለች። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ያንን ሰው ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሳምንት አብሯችሁ ይክፈት፣ ይዝጋ፣ ይጥረግ፤ እንቁላሉ የሱ ነው። ስትመለሱ ደግሞ አገር ቤት ዶሮ ያለበት ግቢ የረገጣችሁበትን ጫማ አጥባችሁ አስቀምጡት፤ ወደ ጓሮ የምትገቡት በጓሮው ጫማ ብቻ ነው።